ምዕራፍ አምስት፦ የተምች እናት

በበልግ ዝናብ ሰሞን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ማምሻውን በሚበራው አምፖል ዙሪያ የእሳት እራት አይጠፋም። ጠዋት ጽዳቷ በመጥረጊያ እስክታራግፋቸው ድረስ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። ግራጫ፣ ቡናማ፣ አፈር የመሰሉ ናቸውና ማንም ልብ አይላቸውም። ከመካከላቸው አንዷ ግን የተምች እናት ልትሆን ትችላለች። ከተሜው ተምችን የሚያውቀው በዜና፣ እርሻ ላይ ሲርመሰመስ ነው። ያ ትል አድጎ ክንፍ እንደሚያወጣ፣ ሌሊት በነፋስ ታግዞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝና የከተማ መብራት ሥር ሊያርፍ እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

መንገዷ የታወቀ ነው። የአፍሪካ ተምች ወረርሽኝ ብዙውን ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በታንዛኒያና በኬንያ ይጀምራል። ዝናቡ ወደ ሰሜን ሲገፋ እሷም ትከተለዋለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደቡብ ኢትዮጵያ ትደርሳለች፣ በሰኔ ሰሜኑን ታዳርሳለች፣ ከዚያም ወደ ኤርትራና ሱዳን ታልፋለች፣ ባሕር ተሻግራ የመንም ትገባለች። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት፣ ስሙ አንበጣን ብቻ ቢጠራም ተምችንም የሚከታተለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ ያለችውን እንለያት። አጉሊ መነጽርና ክዳን ያለው ብልቃጥ ካለ ይበቃል። መጀመሪያ አንቴናዋን ይመልከቱ፤ ጫፉ ያበጠ ከሆነ ቢራቢሮ ናት፣ እስከ ጫፉ ክር ወይም ላባ ከመሰለ ግን የእሳት እራት ናት። ትልልቆቹ፣ ሰው የሚሸሻቸው፣ ረጅምና ጠባብ ክንፍ ያላቸው ስፊንጊዴ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ናቸውና እንለፋቸው። ደረቷ ወፈር ያለ፣ ክንፎቿን ወደ ግራና ቀኝ አዘቅዝቃ ጀርባዋን የምትሸፍን፣ የፊት ክንፏ ላይ አንድ ክብና አንድ ኩላሊት የመሰለ ምልክት ያለባት ከሆነች ኖክቱይዴ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ነን። ገበሬያችን የሚያማርርባቸው ብዙዎቹ ከዚህ ቤት ይወጣሉ፤ ተምች፣ ደጋና ወይና ደጋ ላይ በቆሎን የሚያጠቃው አገዳ ቆርቁር፣ ሽምብራንና ጥጥን የሚበላው ጓይ ትል።

ቀጥሎ ጾታዋን እንወቅ። ብልቃጡን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩትና በማግስቱ የእሳት እራቷን ገልብጠው ሁለቱ ክንፎች የሚያያዙበትን ቦታ በመነጽር ይዩ። ከኋላ ክንፍ ሥር የሚነሣ ጠንካራ ፀጉር የፊት ክንፍ ላይ ባለ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ያቆራኛል፤ በበረራ ላይ አብረው የሚመቱት በዚህ ነው። ወንዱ ላይ ፀጉሩ አንድ ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ሴቷ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ይህን ማየት የለመደ ሰው ሌላውን ሁሉ ለማየት አይቸገርም።

ጾታ የሚያስፈልገን የወንዱና የሴቷ ልብስ ስለሚለያይ ነው። ከአፍሪካው ሌላ ያለው የአሜሪካ መጤ ተምች ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰያፍ ፈዛዛ ምልክት አለው፤ ለጀማሪ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ሴቷ ወጥ ግራጫ ቡናማ ስለሆነች ከአፍሪካ ተምች ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጧት ያምታታሉ። የሁለቱም የኋላ ክንፍ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ የጠቆረ ነው። የአፍሪካ ተምች ሴት ሆዷ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ፀጉር መሰል ቅርፊት ይረዳል፤ ሳይራግፍ ከተገኘ። ክንፍ ላይ የምናየው ቀለም ሁሉ ቅርፊት ነው፤ ስንነካት ጣታችን ላይ ዱቄት ሆኖ የሚቀረውም እሱ ነው። ብዙ ሌሊት የበረረች የእሳት እራት ደግሞ ግማሹን መንገድ ላይ አራግፋው ትመጣለች። በስልክ ፎቶ የክንፍ መልክ ብቻ አይቶ ስም የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ።

ትሉ የተሻለ ምስክር ነው። የመጤው ተምች ትል ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን ዋይ ፊደል የሚመስል ፈዛዛ መስመር አለው። ይህን ምልክት ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ግን ሌሎች ዘመዶቹም ፈዘዝ አድርገው ስለሚያሳዩት ብቻውን አያስተማምንም። የሚያረጋግጠው ስምንተኛው የሆድ ክፍል፣ ከጅራቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ነው። እዚያ ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ።

የአፍሪካ ተምች ትል ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። ብቻውን ያደገው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ሣር ውስጥ ይሰወራል፤ ተጨናንቆ ያደገው ግን ጥቁር ከፋይ ይለብሳል፣ ጎኑ ላይም ቢጫ መስመር ያወጣል። አንድ እናት በጣለችው እንቁላል ውስጥ እንኳ ሁለቱም መልክ ሊወጣ ይችላል፤ የሚወስነው መጨናነቁ ነው። የማያውቅ ሰው ሁለት ዝርያ ብሎ ቢመዘግብ አይፈረድበትም።

በየካቲት 2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በቆሎ ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ ልዩነት ከመጽሐፍ ወጥቶ እርሻ ላይ ወረደ። የአፍሪካ ተምች በመንጋ ይመጣል፣ ስንዴ፣ ጤፍና ማሽላ ሳይል የሣር ወገን የሆነውን ሁሉ ያጭዳል፣ ከዚያም ይጠፋል። መጤው ግን ይቆያል፤ ከበቆሎው መሃል ያልተፈታው የቅጠል ጥቅል ውስጥ ገብቶ ይበላል፣ ትላልቆቹም እርስ በርስ ስለሚበላሉ ብዙ ጊዜ በአንድ አገዳ የሚገኘው አንድ ትል ነው። ላዩን የተረጨ መድኃኒት እዚያ ድረስ አይወርድለትም፤ ገበሬው በእጁ እየለቀመ የገደለው ለዚህ ነው። ለአንዱ የሚሆን ምክር ለሌላው አይሆንም።

ስለ አመዳደብም ጥቂት እንበል። መጤውን ተምች መጀመሪያ በሳይንስ ስም የጠራው እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ነው፤ በ1797 እ.ኤ.አ.፣ ከአሜሪካዋ ጆርጂያ በመጣ ሥራ መነሻነት። ያኔ አብዛኛው የእሳት እራት የሚታጎርበት ፋሌና የሚባል ወገን ነበርና እዚያ አስገባው። ዛሬ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ነው፤ ወገኑ ተቀየረ፣ ፍሩጂፐርዳ የሚለው የዝርያ ስም ግን አብሮት ተሻገረ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዝርያው ቤት ሲቀይር የመጀመሪያ ስሙን ይዞ ይሄዳል።

ቤት መቀያየሩ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቱንድራ ላሉት የእሳት እራቶችም ደርሷል። ጋይኔፎራ ግሮንላንዲካ የምትባለዋ ትሏ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆና ታሳልፋለች። ዕድሜዋ 14 ዓመት ይደርሳል ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወደ 7 አወረደው። በካናዳ ኤልዝሚር ደሴት ጋይኔፎራ ሮሲ የምትባል እህቷም አብራ ትገኛለች፤ ሁለቱን ለመለየት የአባጨጓሬዎቻቸው ፀጉር አቀማመጥ ይረዳል። እዚያም ትሉ ነው የሚመሰክረው። ሊማንትሪዴ ተብሎ ለብቻው ይቆጠር የነበረው ቤተሰባቸው ደግሞ፣ የዘረመል ጥናት ሲመጣ ኤረቢዴ በሚባል ሌላ ቤተሰብ ሥር ገብቷል።

የእኛው ደጋ ላይም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ባለው የባሌው ሳነቴ አምባ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ነው። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1952 እና 1953 እ.ኤ.አ. ስሜን ተራሮች ላይ ነፍሳት ሰብስቧል። የእንዲህ ያለ ስብስብ ዋጋ ያለው ነፍሳቱ በተወጋበት ስፒል ላይ በተሰካችው ትንሽ ወረቀት ነው፤ ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የሰብሳቢው ስም። ከልደታው ደረጃ የያዟትም ብትሆን «ልደታ፣ አዲስ አበባ»፣ ቀኑ፣ «ከ2,300 ሜትር በላይ»፣ «በመብራት» ተብሎ ካልተጻፈላት አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ወስደው ቢያሳዩዋትም ብዙ የምትናገረው የላትም።

ባለሙያው ሲቸገር ሆዷን ከፍቶ የመራቢያ አካሏን ያያል፤ በቅርብ ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። ያም የማይፈታው አለ። መጤው ተምች የበቆሎና የሩዝ የሚባሉ ሁለት ዘሮች ሲኖሩት በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው የዘረመል ምርመራ ብቻ ነው። እርሻ ላይ የተሰቀለ፣ በሴቷ ሽታ የሚያማልል የፌሮሞን ወጥመድም የሚጠራው የመጤውን ወንድ ብቻ መስሎን እንዳንዘናጋ፤ ሊዩካኒያ ሎሬዪ የምትባል ዘመድ ወንዶችም ሽታውን ተከትለው ይገባሉ። ስለዚህ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት የወጥመዱ ባልዲ ነጭ ወረቀት ላይ ይገለበጣል፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን ያለው ወደ አንድ ወገን፣ የሌለው ወደ ሌላ ይደረጋል፣ ቅርፊቱ የተራገፈው ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ለላቦራቶሪ ይላካል።