ተማሪዎች የልማት ሐሳብ ይዘው ወደ ሰበካ ጉባኤ ሲመጡ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሰንበት ትምህርት ቤታቸው በኩል የልማት ሐሳብ ጽፈው ለሰበካ ጉባኤ ሲያቀርቡ በየአጥቢያው እናያለን። ምንጭ ማጎልበት፣ በዓል ለሚያከብር ሕዝብ መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ የደብሩን ደን ማጠር ከሚያነሧቸው መካከል ናቸው። ወረቀቱ ያለ መልስ ከመዝገብ ቤት ሲቀር ወጣቶቹ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሐሳብ ይዘው አይመለሱም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በ1965 ዓ.ም. የወጣውና በኋላም የተሻሻለው ቃለ ዐዋዲ የሰበካ ጉባኤ አባላት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲመረጡ ይደነግጋል። እንግዲህ የተማሪዎቹ ሐሳብ በተወካያቸው በኩል አጀንዳ ሆኖ ሊያዝ ይገባዋል እንጂ በአማላጅ የሚገባ የውጭ ጉዳይ አይደለም።

ደን የማጠሩን ሐሳብ እንውሰድ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ (ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ) በደቡብ ጎንደር ከካህናትና ከምእመናን ጋር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን በድንጋይ ካብ ለማስከበር ሠርተዋል። ድንጋዩ ከእርሻ ስለሚለቀም ማሳው ለማረስ ይቀልላል፤ ካቡም ከብት ስለሚከለክል ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለው ቡቃያ ሳይቀነጠስና ሳይረገጥ ያድጋል። ደን የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ ሳይሆን ተተኪ በማጣትም ነውና፣ ከአዲስ ተከላ ይልቅ ካቡ ሊቀድም ይገባል እንላለን። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ተከላውን ያስቀድማሉ፤ ለፎቶግራፍም እርሱ ይመቻል። ካቡን ከመጨረሻው ዛፍ ጥቂት አርቆ መሥራት ለደኑ መስፊያ ይሆናል። ነገር ግን የአጎራባች ገበሬን ድንበር የሚነካ ከሆነ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ ከባለ ይዞታውና ከቀበሌው ጋር መስማማት ግድ ነው። ይህን ልጆች ሊፈጽሙት አይችሉም፤ የአስተዳዳሪውና የሽማግሌዎች ድርሻ ነው።

ተከላ ከተመረጠ እንደ አየር ጠባዩ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ይሁን፤ ባሕር ዛፍ ከምንጭ አጠገብ አይተከል። ዘሩ ከክረምት ብዙ ወራት ቀድሞ መደብ ላይ መዋል ስላለበት በግንቦት የቀረበ ሐሳብ ለዚያ ዓመት ዝናብ አይደርስም።

መጸዳጃ ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ቦታው ነው። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከውኃውም በታች ያለ ይሁን። እጅ መታጠቢያ ከሌለው ሥራው በግማሽ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ማን ይረከበዋል የሚለው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብሔራዊ ፈተና ጨርሶ ከአጥቢያው ይርቃል፤ የተጀመረው ሥራም ባለቤት ያጣል። ስለሆነም በአቅራቢዎቹ መካከል ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች እንዲገኙ፣ ከጉባኤውም አንድ አባት በስም እንዲመደብላቸው እንመክራለን። ገንዘብ በደብሩ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ተማሪዎቹ የወጪውን መዝገብ ቢይዙ ግን ለጉባኤውም ለእነርሱም ይበጃል።

ሐሳባቸው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣቸው። ካብ ለመካብ የሚመቸው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ማሳው ገና ሳይታረስ ነውና፣ የዘንድሮውን ለመጀመር የሚሹ አጥቢያዎች ሐሳቡን ከጥር ወር በፊት በጉባኤያቸው ቢያዩት መልካም ነው።