ውድ ማዳመጫ ስልክ ላይ ለምን ይደክማል?

ወንድምና እህቶች፣ ተበድራችሁ የገዛችሁት ማዳመጫ ስልክ ላይ ድምፁ ቢያንስባችሁ ተበላሽቷል አትበሉ። የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ኢምፒዳንስ 300 ኦም ነው። 1 ቮልት የሚሰጥ ስልክ ለባለ 32 ኦም ማዳመጫ 31 ሚሊዋት ሲያደርስ፣ ለዚህኛው የሚደርሰው 3 ሚሊዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ከፍ የሚል አምፕሊፋየር ይፈልጋል።

የሃይፋይማን ኤችኢ-6 ግን 50 ኦም ብቻ ነው። ኦሙን አይቶ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል ይሸወዳል! በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ነው፤ 20 ዴሲቤል ለመጨመር መቶ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ለእሱ ከረንት የማያጥረው አምፕሊፋየር ነው የሚሆነው።

የአምፕሊፋየሩንም የራሱን ኢምፒዳንስ ጠይቁ፤ ከማዳመጫው ስምንተኛ እጅ ካለፈ ቤዙ ሊዛባ ይችላል። ስልካችሁ በደንብ ለሚያጫውተው ባለ 32 ኦም ማዳመጫ አምፕሊፋየር መግዛትን ግን እኛ ብር ማባከን ነው እንላለን።