ሞገድን የሚያጠኑ ሊቃውንት ማኅበራቸውን እንዴት ያስተዳድራሉ?

ከመሸ በኋላ ሬዲዮኑን በመካከለኛው ሞገድ ላይ የሚያዞር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቀን ድምፁ ያልተሰማው የሩቅ አገር ጣቢያ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንደ ጎረቤት ሆኖ ይሰማል። ጣቢያው ኃይሉን አልጨመረም፤ የተለወጠው ሰማዩ ነው። ቀን በፀሐይ ጨረር ምክንያት የሚፈጠረውና ሞገዱን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ሌሊት ይጠፋል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ግን ይቀርና ሞገዱን እንደ መስተዋት ወደ ምድር ይመልሰዋል። ይህ ኤሌክትሪክ ያደረበት የአየር ክፍል ኢዮኖስፌር ይባላል።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ሞገዱ የሚነሣው በአንዱ አገር መሬት ላይ ነው፤ የሚነጥረው ማንም ባለርስት በሌለው ሰማይ ላይ ነው፤ የሚያርፈው ደግሞ በሦስተኛው አገር ነው። አንድ መንግሥት ብቻውን ቢያጠናው የጉዳዩን ሲሶ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ገና ከመጀመሪያው ተማክረው መሥራት ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ግድ የተወለደው ማኅበር የዓለም አቀፍ የሬዲዮ ሳይንስ ኅብረት ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ስሙ አጠራር ዩርሲ ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሠራዊት የለውም፤ ግብር የማስከፈል ሥልጣንም የለውም፤ የሚያወጣው ውሳኔ ማንንም አያስርም። ታዲያ እንዴት ሲተዳደር ኖረ? የመሥሪያ ቤት ሥራ ለጀመሩና ሊጀምሩ ላሉ ወጣቶች ጥያቄው የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ነው ይህን የምጽፈው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የተጀመረው በቤልጅግ ነው። ሮበርት ጎልድሽሚት የተባሉ የቤልጅግ ሊቅ፣ ንጉሥ አልበርት ቀዳማዊ እየደገፏቸው፣ በብራስልስ አጠገብ በላከን ታላቅ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ አቋቋሙ። በ1913 በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ከዚህ ጣቢያ የሚወጣውን ምልክት በቀጠሮ እየሰሙ ኃይሉን እንዲለኩ አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን ተመሠረተ። ሥራው ግን ዕድሜ አላገኘም። በነሐሴ 1914 የጀርመን ጦር ወደ ብራስልስ ሲቃረብ ቤልጅጎች ጣቢያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ብለው ራሳቸው አፈረሱት።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1919 በዚያው በብራስልስ ማኅበሩ በአዲስ መልክ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፈረንሳዊው ጀነራል ጉስታቭ ፌሪዬ ነበሩ። ጀነራሉ የኤፌል ግንብን ከመፍረስ ያዳኑ ሰው ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም፤ ለግንቡ የተሰጠው ፈቃድ የ20 ዓመት ብቻ ነበርና፣ ጊዜው ሲደርስ በእሳቸው ጥረት የሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ መገኘቱ ነው ለአገር የሚጠቅም ያሰኘው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የአስተዳደር ፈተና ይመጣል። ዩርሲ የታቀፈበት የዓለም አቀፍ የምርምር ምክር ቤት በ1919 ሲቋቋም ጀርመንና የጦር ባልደረቦቿ እንዳይገቡ በሕጉ ከልክሎ ነበር። እገዳው የተነሣው በ1926 ነው። የቤልጅጎችን ቁስል ለሚያስብ ሰው ነገሩ አያስደንቅም፤ በገዛ እጃቸው ያፈረሱት ጣቢያ ፍርስራሽ ገና አልተነሣም ነበር። ነገር ግን ከሥራው አንጻር ሲታይ ስሕተት ነበር እላለሁ። ከበርሊን የሚነሣ ሞገድ የአባልነት ደብዳቤ ይዞ አይሄድም። የአውሮፓን ሰማይ የሚለካ ማኅበር የአውሮፓን እምብርት ባዶ አድርጎ ካርታ መሥራት አይችልም።

ጀነራል ፌሪዬ በ1932 እስኪሞቱ ድረስ በፕሬዚዳንትነቱ ቆዩ። ከ1934 ጀምሮ የተቀመጡት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን ናቸው። እኚህ ሰው በ1924 ከረዳታቸው ከባርኔት ጋር ሆነው፣ በቦርንማውዝ ያለውን የቢቢሲ ማሰራጫ ሞገዱን ቀስ በቀስ እንዲለዋውጥ በማድረግና በኦክስፎርድ በመቀበል፣ ኢዮኖስፌር በእርግጥ መኖሩን ከፍታውንም ጭምር ያረጋገጡ ናቸው፤ ለዚህም በ1947 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዩርሲ ፕሬዚዳንትነት የቆዩት ግን እስከ 1952 ድረስ፣ 18 ዓመት ሙሉ ነው! የዓለም ጦርነት በመካከል ገብቶ ከ1938 የሮማ ጉባኤ እስከ 1946 የፓሪስ ጉባኤ ድረስ ስብሰባ አለመደረጉ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የማኅበሩ ልማድ ከዚያ ወዲህ መለወጡ መልካም ነው። ዛሬ ጠቅላላ ጉባኤው በየሦስት ዓመቱ ይደረጋል፤ ሹመቱም በዚያው ልክ ይለዋወጣል።

ስለ ሥራው አከፋፈል በአጭሩ ልንገር። ማኅበሩ 10 ኮሚሲዮኖች አሉት፤ በላቲን ፊደል ከኤ እስከ ኬ ይጠራሉ፤ አይ የሚለው ፊደል ተዘሏል። አንዱ ስለ መለኪያ፣ አንዱ ስለ ኢዮኖስፌር፣ አንዱ ስለ ከዋክብት ሬዲዮ፣ አንዱ ሞገድ በሰው አካል ላይ ስለሚያደርገው ነገር ያጠናል። ኤፍ የተባለው ኮሚሲዮን ደግሞ ሞገድ በአየርና በምድር ላይ ሲሄድ የሚሆነውን፣ እንዲሁም በሞገድ አማካይነት መሬትን ከሩቅ የመመርመርን ጥበብ ይዟል። እያንዳንዱ ኮሚሲዮን ሊቀ መንበርና ምክትል አለው። ምክትሉ ሦስት ዓመት ሥራውን አጠገቡ ተቀምጦ ከተማረ በኋላ ነው ሊቀ መንበርነቱን የሚረከበው፤ ትናንት መጥቶ ዛሬ ወንበር የሚይዝ የለም። ሹማምንቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ሁሉም በየዩኒቨርሲቲያቸውና በየምርምር ቤታቸው የሚሠሩ ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ በቤልጅግ በጌንት ከተማ ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍነው አባል አገሮች እንደየደረጃቸው በሚያዋጡት መዋጮ ነው።

ይህ ሁሉ ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ በየትኛውም ማኅበር አለ። የዩርሲ እውነተኛ ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ የመዝገብ ቤት ጉዳይ ይመስላልና።

ከ1957 እስከ 1958 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ 67 አገሮች ተባብረው ምድርንና ሰማይን ለኩ። አሳቡን በ1950 ካቀረቡት አንዱ ሎይድ በርክነር የተባሉ አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ በ1957 የዩርሲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በብዙ አገር ያሉ ጣቢያዎች ሞገድ ቀጥታ ወደ ላይ እየላኩ የሚመለሰውን ጥላ በፊልም ላይ አነሡ። አሁን ችግሩ መጣ። በአንዱ ጣቢያ ያለው ሰው ጥላውን አይቶ ይህን ያህል ነው ብሎ ይጽፋል፤ በሌላው ጣቢያ ያለው ያንኑ የመሰለ ጥላ አይቶ ሌላ ቍጥር ይጽፋል። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው። ነገር ግን መዝገባቸው ቢደመር ከንቱ ነው።

ዩርሲ ለዚህ ኮሚቴ አቆመና በ1961 አንድ የንባብ መመሪያ መጽሐፍ ታተመ። አዘጋጆቹ እንግሊዛዊው ፒጎትና ጀርመናዊው ካርል ራወር ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ደንቦች አንዱ ይህ ነው፤ ቍጥሩን ማንበብ ሲያቅት ሥፍራው ባዶ አይተውም፣ በግምትም አይሞላም፤ ያቃተበት ምክንያት በአንድ ፊደል ይጻፋል። ሞገዱን ሰማዩ ውጦት እንደ ሆነ አንድ ፊደል አለ፤ የሌላ ጣቢያ ድምፅ ገብቶበት እንደ ሆነ ሌላ ፊደል አለ፤ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደ ሆነም ለእርሱ የተመደበ ፊደል አለ። ባዶ ሥፍራን በደኅና ቍጥር መሙላት ለአለቃ ደስ የሚያሰኝ መሆኑን የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው የለም። እዚህ ግን «መሣሪያው አልሠራም» ብሎ መጻፍ ራሱ እንደ መለኪያ ተቈጠረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ዩርሲ ኮስፓር ከተባለው የጠፈር ምርምር ኮሚቴ ጋር ሆኖ የኢዮኖስፌርን የጋራ ሞዴል ማዘጋጀት ሲጀምር መሠረቱ እንዲህ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ መዝገብ ነበር። ሥራውን በመጀመሪያ የመሩትም ራወር ናቸው።

የጀርመኖችን ነገር ጀምሬ ነበርና ልፈጽመው። በ1966 ጠቅላላ ጉባኤው በሙኒክ ተደረገ። በ1969 ደግሞ ጀርመናዊው ቫልተር ዲሚንገር የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሩ ከተዘጋባቸው ከ1919 እስከዚያ 50 ዓመት መሆኑ ነው።

አገራችንም በዚያ የጂኦፊዚክስ ዓመት ድርሻ ነበራት። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚህ መስመር ላይ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህን ለመለካት የምድር ወገብ አካባቢ ጣቢያ ያስፈልግ ስለ ነበር በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ የመሩትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። የሚገርመው ከ1952 እስከ 1957 የዩርሲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፈረንሳዊው ፒየር ለዤም ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ።

ወደ ዛሬው ችግር ልመለስ፤ የማኅበሩ ኃይል ወይም ድካም የሚታየው በእርሱ ነውና። ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ በ1420 ሜጋኸርትዝ ላይ ደካማ ምልክት ያወጣል፤ በ1951 ኢወንና ፐርሰል በሃርቫርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምተውታል። የከዋክብት ሊቃውንት ይህን ሹክሹክታ እንዲሰሙ በ1959 በጄኔቫ በተደረገው የሬዲዮ ጉባኤ ከ1400 እስከ 1427 ያለው ክፍል ጸጥ እንዲል ተመደበ። በ1960 ዩርሲ፣ የከዋክብት ሊቃውንት ኅብረትና ኮስፓር ይህን ጸጥታ የሚጠብቅ የጋራ ኮሚቴ አቆሙ። ኮሚቴው በመንግሥታት ጉባኤ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ያስረዳል፣ ይለምናል፣ ማስረጃ ያቀርባል።

ለከዋክብት ተብሎ የተጠበቀው ክፍል በኋላ ለገበሬም ጠቀመ። እርጥብ መሬት በዚሁ ሞገድ ላይ የሚያወጣው ጨረር ከደረቅ መሬት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከሰማይ ሆኖ የአፈርን እርጥበት ማወቅ ይቻላል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ለዚህ በኅዳር 1 ሳይሆን በአውሮፓውያን ኖቬምበር 2 ቀን 2009 ስሞስ የተባለ፣ 69 ትናንሽ አንቴናዎችን በሦስት ክንድ የዘረጋ ሳተላይት አመጠቀ። ሳተላይቱ ሥራውን ሲጀምር በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ላይ ካርታው በብዙ ቦታ ታወረ። ጸጥ ማለት በሚገባው ክፍል ላይ ራዳሮችና ያልተፈቀደላቸው ማሰራጫዎች ይጮኹ ነበር። ምን ይደረግ? ፖሊስ የለም። የጠፈር ድርጅቱ ቦታውን ከሰማይ እየለየ ለየአገሩ የሞገድ ባለሥልጣን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። አንዳንዱ አገር ጣቢያውን ፈልጎ አስዘጋ፤ አንዳንዱ ዘገየ። በ2015 የመጠቀው የአሜሪካው ስማፕ ሳተላይት፣ ከዚህ ትምህርት ተወስዶ፣ የሚረብሸውን ድምፅ ለይቶ የሚጥል መሣሪያ ተሠርቶለት ነው የወጣው።

ገንዘብ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን በ23.8 ጊጋኸርትዝ ላይ ይሰማል፤ የአየር ጠባይ ትንበያም በዚህ ይደገፋል። ለአዲሱ የእጅ ስልክ የተፈለገው ደግሞ ከ24.25 ጀምሮ ያለው ጎረቤቱ ነው። በ2019 በሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰቡት መንግሥታት የስልኩ ኃይል ወደ ጎረቤት እንዳያፈስስ ወሰን አበጁ፤ ጠበቅ ያለው ወሰን ግን ከሴፕቴምበር 2027 በኋላ ለሚተከሉት እንዲሆን ተስማሙ። የአየር ጠባይ ሊቃውንት የጠየቁት ከዚህ የጠበቀ ነበር። በአንድ በኩል የስልክ ኩባንያዎች ከነጠበቆቻቸው፣ በሌላ በኩል ከክፍል አስተምረው የመጡ ፕሮፌሰሮች ሲቀመጡ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አያስቸግርም። በግማሽ መንገድ መገናኘታቸውን ግን እንደ ሽንፈት አላየውም። ያ ወሰን የተገኘው ቍጥሩን የሚያሳይ ሰው በስብሰባው ስለ ነበረ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጠቁም። ዩርሲ በየጠቅላላ ጉባኤው ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት አለው። የሚፈለገው የራስን ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ አስቀድሞ ማቅረብ ነው፤ የተመረጠው ሰው የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠየቅም፣ ለመኝታና ለምግብም ይረዳል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ኮሚሲዮን ከወጣቶቹ መካከል ወኪል ይመርጣል፤ ወኪሉም ከሊቀ መንበሩ ጋር በኮሚሲዮኑ ሥራ ይካፈላል። ጽሑፉ የሚቀርበው ጉባኤው ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ለማመልከት የሚያስብ ሰው ቀኑን ከወዲሁ ይጠይቅ።