ከአንኮበር እስከ ባሕሩ

የልጅ ልጆቼ «አገራችን ባሕር የላትም» የሚለውን ከትምህርት ቤት ይዘው መጥተዋል። እውነት ነው፤ አንኮበር ግን የባሕር መንገድ ነበረው፤ ይህን ሳያውቁ ቢያድጉ ቅር ይለኛል። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ አውጥቼ ቆላውን አሳያቸዋለሁ። ከሥር አልዩ አምባ፣ የሲራራ ነጋዴው ገበያ፤ ከዚያ አዋሽና የአፋር በረሃ፤ መጨረሻው በዛሬዋ ጅቡቲ ያለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ።

የባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ በጠባብ በር አልፎ ጉቤት የሚባል ጭር ያለ ትንሽ ባሕር ይሆናል። አለፍ ሲሉ አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ በመካከላቸው አርዱኮባ እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. ፈንድቷል። አፋሮች ከአሳል ጨው በግመል ጭነው ሸዋ ያደርሱ ነበር። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የደረሰው ከወር በላይ ተጉዞ ነው።

ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ክረምትን አትምረጡ፤ ጉሙ ቆላውን ይሸፍነዋል።