ተሳቢ የሚጎትት መኪና የነዳጅ ፍጆታ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በዲኪል፣ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽና በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን የጭነት መኪና የተመለከተ ሰው፣ ከኋላው በብረት ዘንግ የተያያዘለትን ሁለተኛ አካል ሳያስተውል አይቀርም። ይህ የራሱ ሞተር የሌለው፣ ጎማና የጭነት ሳንቃ ብቻ ያለው አካል ተሳቢ ይባላል። ለተሳቢው ለብቻው ነዳጅ አይቀዳለትም፤ የሚንቀሳቀሰው ጎታቹ መኪና በሚያቃጥለው ናፍጣ ነው። በዚህም ምክንያት ስለ ተሳቢ ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ተሳቢ ነዳጅ ያስበላል» ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ «የለም፣ ተሳቢ ነዳጅ ይቆጥባል» ይላል። የሚያስገርመው ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው። ልዩነቱ የመነጨው አንደኛው ነዳጁን ከተሄደው ኪሎ ሜትር ጋር፣ ሌላው ግን ከደረሰው ጭነት ጋር ስላነጻጸረው ነው። ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ናፍጣው የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሜዳ ላይ ፍጥነቱን ሳይለውጥ የሚጓዝ መኪና ሞተሩ የሚታገላቸው ዋና ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ነው። ጎማ መሬት በሚነካበት በኩል ይጨፈለቃል፤ ዞሮ ሲነሣም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። በዚህ መጨፍለቅና መመለስ መካከል ከሞተሩ የመጣው ጉልበት በከፊል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ረጅም መንገድ ተጉዞ የቆመን መኪና ጎማ በእጁ የዳሰሰ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል። ብክነቱም ከክብደት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱም እጥፍ ይሆናል። ጎማው በቂ ንፋስ ከሌለው ደግሞ ይበልጥ ስለሚጨፈለቅ ያው ጭነት ብዙ ናፍጣ ያስጠፋል።

ሁለተኛው አየር ነው። መኪናው ወደ ፊት በተራመደ ቁጥር ከፊቱ ያለውን አየር መግፋትና መሰንጠቅ አለበት። አየሩ የመኪናውን ክብደት አይጠይቅም፤ የሚመለከተው የፊቱን ስፋት፣ የአካሉን ቅርጽና ፍጥነቱን ነው። ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ተሳቢን በሚመለከት ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፦ ተሳቢው የሚጓዘው ጎታቹ አስቀድሞ በሰነጠቀለት አየር ውስጥ ስለሆነ፣ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ሲያመጣ የአየሩን ግፊት ግን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ፣ ወይም የጭነቱ ሸራ ላልቶ ሲርገበገብ፣ አየሩ በመካከል እየገባ ስለሚታወክ ይህ ጥቅም ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል ባዶ ክብደቱ 100 ኩንታል የሆነና 150 ኩንታል የጫነ መኪና እንውሰድ። ተሳቢው ባዶውን 50 ኩንታል ይመዝናል፤ እርሱም 150 ኩንታል ጭኗል እንበል። መኪናው ብቻውን 250፣ ከተሳቢው ጋር 450 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። በደህና አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ መኪናውን ብቻውን ለመግፋት ለጎማው 2,000 ኒውተን፣ ለአየሩ 1,000 ኒውተን፣ በድምሩ 3,000 ኒውተን ገደማ ያስፈልጋል። ተሳቢው ሲቀጠል የጎማው ድርሻ ወደ 3,600፣ የአየሩ ደግሞ ወደ 1,250 ከፍ ብሎ ድምሩ 4,850 ኒውተን ይደርሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ ጥሩ ሞተር ጎማ ለማዞር የሚያውለው 14 ያህሉን ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ሒሳቡ ሲሠራ ብቻውን የሚሄደው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 21 ሊትር፣ ተሳቢ የሚጎትተው 35 ሊትር ያህል ይፈጃል።

እንግዲህ «ያስበላል» ያለው ወገን ከ21 ወደ 35 የተደረገውን ጭማሪ ተመልክቶ ነው። ነገር ግን ተሳቢ ባይኖር ያንኑ 300 ኩንታል ለማድረስ ሁለት መኪና ማሰለፍ ይገባ ነበር፤ ይህም 42 ሊትር ይጠይቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ተርፏል። ትርፉ ከየት መጣ ቢባል፣ ሁለተኛ ሞተር፣ ሁለተኛ ጋቢናና ሁለተኛ ሰፊ ግንባር አየሩን እየገፋ ባለመሄዱ ነው።

ተሳቢው ጭነት የሚሸከም ሳይሆን ራሱ ጭነት የሆነ እንደሆነ ሒሳቡ መልኩን ይለውጣል። በሰሜን አሜሪካ መኝታና ማእድ ቤት ባለው ትልቅ መኪና አገር የሚጎበኙ ቤተሰቦች ከኋላቸው አንዲት ትንሽ የቤት መኪና አስረው ሲጎትቱ ይታያሉ። ትልቁ 100፣ ትንሿ 15 ኩንታል ብትመዝን፣ በሜዳ ላይ ለፍጆታው የምትጨምረው ከመቶ 15 እጅ ያነሰ ነው፤ ከሰፊው መኪና ጀርባ ተከልላ ስለምትጓዝ ለአየሩ የምትከፍለው ጥቂት ነውና። ዳገት ላይ ግን ከለላው ስለማይረዳት ለመውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ሙሉውን 15 እጅ ታስጨምራለች። ጥቅሟ የሚታየው ቤተሰቡ ሰፈር ከያዘ በኋላ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት 100 ኩንታሉን ቤት ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። አንድ ቀን አድረው መንገድ ለሚቀጥሉ ሰዎች ግን መጎተቷ እምብዛም አያዋጣም።

ወደ ራሳችን መንገድ ስንመለስ፣ ሜዳው የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ወደቡ ከባሕር ጠለል እኩል ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ይህን ከፍታ 450 ኩንታል ይዞ ለመውጣት ብቻ፣ የጎማውና የአየሩ ሳይቆጠር፣ ከ70 ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠፋል። በየመካከሉ የሚወረደውና እንደገና የሚወጣው ኮረብታ ሲታከልበት ቁጥሩ ከፍ ይላል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚያሻቅብ ዳገት ላይ ያ መኪና ሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው ሌላ 26,000 ኒውተን ይጠየቃል፤ ይኸውም ከሜዳው አምስት እጥፍ በላይ ተጨማሪ ማለት ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው የተሰለፉት ትንንሽ መኪናዎች ጡሩምባ መንፋታቸው ይህን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

የተወጣው ዳገት ሲወረድ ጉልበቱ ይመለሳል ወይ? በከፊል ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ቀላል ከሆነ መኪናው ያለ ነዳጅ ይንከባለላል፤ ጠንካራ ከሆነ ግን ፍጥነቱን መግታት ስለሚያስፈልግ፣ በናፍጣ የተገዛው ከፍታ በፍሬን ሸራዎች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ እንቆጥባለን በማለት ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው መኪናውን ይለቁታል። ይህ በሁለት በኩል ስሕተት ነው። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ የሚረጨውን ናፍጣ ጨርሶ ያቆማል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የታሰበው ቁጠባ የለም። ይልቁንም ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። በዚያን ጊዜ ተሳቢው ስሙን ለውጦ ገፊ ይሆናል። 200 ኩንታል ከኋላ ሲገፋ ዘንጉ በመጋጠሚያው ላይ ይታጠፍና መኪናውን ከነሾፌሩ አጣምሞ ከመንገድ ሊያወጣው ይችላል። ለጥቂት ሊትር ናፍጣ ተብሎ፣ ያውም ላልተገኘ ናፍጣ፣ የሰው ሕይወት የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ስለ ፍጥነትም አንድ ነገር እንበል። በምሳሌያችን ያለው መኪና ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ቢፈጥን የአየሩ ድርሻ ከ1,250 ወደ 2,200 ኒውተን ይወጣል፤ ፍጆታውም በሜዳ ላይ ከመቶ 20 እጅ ያህል ይጨምራል። ተሳቢው ከቆጠበው የሚበልጠውን ችኮላው መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ብክነት ግን በባዶ ጉዞ ላይ የሚደርሰው ነው። ወደ ሀገራችን የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ብዙ መኪናዎች ወደ ወደቡ የሚወርዱት ባዶአቸውን ነው። መልክዓ ምድሩም አልረዳንም፤ ሙሉው ጭነት ዳገት ሲወጣ ባዶው መኪና ቁልቁለት ይወርዳል። መኪናውና ተሳቢው ባዶ ሲሆኑ 150 ኩንታል ይመዝናሉ፤ ክብደቱ ከሦስት አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። ፍጆታው ግን በሜዳ ሒሳብ ከ35 ወደ 17 ሊትር ተኩል፣ ማለትም ወደ ግማሽ ብቻ ይወርዳል፤ ጭነት በመራገፉ አየሩ ግፊቱን አይቀንስምና። የደርሶ መልሱ ናፍጣ ተደምሮ በደረሰው ጭነት ላይ ሲካፈል፣ ከ12 ሊትር በታች የነበረው የ100 ኩንታል ድርሻ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 17 ሊትር ተኩል ይሆናል። ይህ ልዩነት በስንዴው፣ በብረቱና በማዳበሪያው ዋጋ ውስጥ ተሰውሮ ገበያ ይደርሳል። በሰሜን አሜሪካ ደኖች ግንድ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ግንዱን ካራገፉ በኋላ ባዶውን ተሳቢ በጎታቹ ጀርባ ላይ ጭነው ይመለሳሉ፤ በዚህም የተሳቢው ጎማ ከማለቅ ይድናል፣ ከኋላ የሚታወከውም አየር ይቀንሳል። የኛ ተሳቢዎች ረጃጅምና ሳንቃቸው የተዘጋ ስለሆነ ይህ አይመቻቸውም። ለእነርሱ ያለው መንገድ ወደ ታች የሚወርድ ጭነት ማግኘት ነው፤ ግማሹን ያህል እንኳ ቢሞላ፣ ያ 17 ሊትር ተኩል በከፊል የሚከፍለው ጌታ ያገኛል።