ቆዳን የሚገድለው ዝናቡ ነው? እውነት ወይስ ተረት?

ከአዲስ አበባ ይዤው የወረድኩትን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ሚዛን ተፈሪ ላይ ዳግም ያየሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር ገፍቼው ነበር። ዚፑን ስስበው አፍንጫዬን የመታኝ የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ኮሌታውና ብብቱ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። አንዲት ጠብታ ዝናብ ግን አልነካውም። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው አዩትና፣ «ልጄ፣ ቡና ቢሆን እንዲህ ታደርገው ነበር?» አሉኝ።

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና ምድር ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እምብዛም ፋታ አይሰጥም። ሙቀቱም፣ ጫካውም፣ ጤዛውም ተደምሮ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በደጋ የተለመደው የቆዳ አያያዝ እዚህ አይሠራም። ስለ ቆዳ ልብስ አዘውትረን ከምንሰማቸው ወሬዎች ስድስቱን እንይ።

ተረት 1፦ ዝናብ የነካው ቆዳ አለቀለት።

እውነት፦ ቆዳ የሚለፋው ውሃ ውስጥ ነው። በፋብሪካው ትልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ሲንከባለል የከረመ ነገር የአንድ ቀን ዶፍ አይገድለውም። የሚያበላሸው እኛ ለማድረቅ የምንጣደፈው ጥድፊያ ነው። የራሰ ጃኬት ምድጃ አጠገብ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃው በችኮላ ይወጣል፤ የቆዳው ቃጫዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ልብሱ ይገግራል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ያልለፋ እርጥብ ሌጦ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይኮማተራል። ክሮም በተባለው ኬሚካል የለፋ ቆዳ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ቢችልም፣ ቅባቱና ማጣበቂያው ያን ያህል አይታገሡም።

ስለዚህ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያድርጉት፤ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ ሰቅለው ነፋስ ባለበት በረንዳ ይተዉት። ጫማ ከሆነ ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩለት። ካሞሻ ብቻ ይለያል፤ ውሃ ነጠብጣብ ስለሚተውበት ዝናብ ባዘለ ቀን ባይለበስ ይሻላል።

ተረት 2፦ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቆለፈ ቆዳ ደኅና ነው።

እውነት፦ የእኔ ጃኬት የሻገተው በዚህ ነው። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበት፣ ሙቀት፣ የማይንቀሳቀስ አየርና ምግብ ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 70 ሲያልፍ ይደላዋል፤ ምግቡ ደግሞ ኮሌታና ብብት ላይ የቀረው ላባችን ነው። ፌስታል ውጭ ያለውን ዝናብ ቢከለክልም ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል።

በፌስታል ፋንታ አሮጌ ነጠላ ወይም ስስ የጥጥ ጨርቅ ያልብሱት። ከግድግዳው ራቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን አውጥተው ጥላ ሥር ያናፍሱት። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢትም ብዙ አይመኩባት፤ አንዴ ጠጥታ ከጠገበች እንደ ድንጋይ ናት።

ተረት 3፦ ቅቤ ወይም ዘይት ቀባ አድርጉት፣ ይለሰልሳል።

እውነት፦ ወሬው ከባዶ አልተነሣም። የድሮ ሰው ቁርበቱን ፍቆ በቅቤ እያሸ ያለሰልስ ነበር። ያ ቁርበት ግን ፋብሪካ ያላየ ነው፤ የሚውለውም ጭስ በማይጠፋበት ጎጆ ውስጥ ነበር፤ ጭሱ ደግሞ ሻጋታን ያርቃል። የዛሬው ጃኬት ቅባቱን ፋብሪካ ውስጥ ጠጥቶ፣ ገጹ በስስ ቀለም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። ቅቤው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ለሻጋታም ቀለብ ይሆናል። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም አልባ ክሬም፣ ያውም ጥቂት፣ በቂ ነው።

ሻጋታ ከያዘው ከቤት ውጭ አውጥተው በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት። ከዚያ ግማሽ ውሃ ግማሽ አልኮል ባረጠበው ጨርቅ ይጥረጉት፤ ቀለሙን እንዳይለቅ ግን አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት።

ተረት 4፦ ላይተር ካላቃጠለው እውነተኛ ቆዳ ነው።

እውነት፦ ሻጩ ላይተሩን ጫር አድርጎ ጃኬቱ ላይ ሲያሳልፈው ዐይናችን አብሮ ይሄዳል። እሳቱ ግን የቆመው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ወፈር ያለ ሰው ሠራሽ ጨርቅም ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል። እውነተኛውም ቆዳ ቢሆን እሳት ከቆየበት ይከስላል፣ ይኮማተራል። ላይተሩን ትተው ስፌቱን ይመርምሩ። ያልታጠፈ ጠርዝ ካገኙ የቆዳ ቃጫ ይታያል፤ የሰው ሠራሹ ጠርዝ ግን ከላይ ፕላስቲክ፣ ከሥር ሽምን ጨርቅ ነው። በጣትዎ ጫን ሲሉት እውነተኛው ቆዳ የተዘበራረቀ ስስ መጨማደድ ያሳያል።

ተረት 5፦ ሰው ሠራሽ ቆዳ ውሃ ስለማይፈራ ለዝናብ አገር እሱ ይሻላል።

እውነት፦ ለአንድ ክረምት ይሻል ይሆናል። አብዛኛው ሰው ሠራሽ የቆዳ ልብስ ፖሊዩረቴን የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ፖሊዩረቴን ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ቢለበስም ባይለበስም ያው ነው፤ ተሰቅሎ የከረመ ጃኬት አንድ ቀን ትከሻው እንደ ተላጠ ቀለም ይረግፋል። ያንን የሚያድን ክሬም የለም። ዋጋው ስለሚቀል መግዛቱ ነውር አይደለም፤ የእውነተኛ ቆዳ ዋጋ ከፍሎ መግዛቱ ግን ኪሳራ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ጥሩ ቆዳ የውጭው ብቻ ነው የሚሉ ሞልተዋል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ግን ስስም ጠንካራም በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ይፈለጋል፤ የባቲ ፍየልም በካሞሻው ስሙ የታወቀ ነው። እከክ ያገኘው በግ ሌጦው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይተዋል፤ የእሾህ ጭረትም ያጋጥማል። ጥቂት ምልክት መጥፎ ቆዳ አያደርገውም። ይልቅ አንዲት የጠጉር ቀዳዳ እንኳ እስከማትታይ ድረስ በቀለም የተለሰነውን ይጠርጥሩት።

ተረት 6፦ ቆዳ የተፈጥሮ ነውና ገላ ላይ ቢያርፍ አይጎዳም።

እውነት፦ በከተማ ቡቲኮችና በስልክ ገበያ የቆዳ ጡት መያዣ፣ ኮርሴትና የውስጥ ሱሪ መታየት ጀምሯል። የዓለም አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። በአግባቡ ካልተሠራ ክሮሙ ክሮም ስድስት ወደሚባለው ዓይነት ተለውጦ የገላን ቆዳ ያስቆጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገላ የሚነካ ቆዳ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ የዚህ ዓይነት ክሮም እንዳይይዝ የከለከለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ልብስ ሲመርጡ የጥጥ ገበር ያለውን፣ ማጥበቂያ ማሰሪያ ያለውን ይውሰዱ፤ ቆዳ በመለበስ ብዛት ይሰፋልና። ቀለሙ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ከወጣ ይተዉት፤ ገላዎ ላይም ይወጣል። በላብ ቀን ሙሉ ቀን አይዋልበትም። ሳሙና ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፤ ገበሩን በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ፣ ገልብጦ፣ ጥላ ውስጥ ማናፈስ ነው።

የአከራዬ ጥያቄ የገባኝ የቡና ማስጫ አልጋቸው ዘንድ ስቆም ነው። ጀንፈሉን በሽቦው ላይ ስስ አድርገው ያሰጡታል፤ ከሥርም ከላይም ነፋስ ያገኘዋል፤ ደመና ሲያንዣብብ ይሸፍኑታል። እርጥበቱ ከመቶ 12 አካባቢ ሳይደርስ ጆንያ አያገኘውም፤ ላስቲክ ውስጥማ ጨርሶ። ጃኬቴን ጠርጌ ከአልጋው አጠገብ ጥላ ሥር ሰቀልኩት። ሲመሽ ጤዛው ሳይወድቅ ጀንፈሉን ሊሸፍኑ ወጡና ጃኬቱንም አንሥተው አስገቡልኝ።