ከስልማና እስከ ጳፉ፦ ቆጵሮስን ለሚዞር ሰው

ቆጵሮስን ከዳር እስከ ዳር ካቋረጡት መንገደኞች እኛ አስቀድመን የሰማነው የጳውሎስንና የበርናባስን ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 እንደሚተርከው፣ ከሴሌውቅያ በመርከብ ተነሥተው በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ በስልማና ወረዱ፤ ከዚያም አገሩን አቋርጠው በምዕራብ ጫፍ ካለችው ከጳፉ ደረሱ። በርናባስ የቆጵሮስ ተወላጅ ነበርና አገር የሚያውቅ ሰው አላጡም። ይህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መስመር ዛሬም ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። አስጎብኚዎች በብዛት የሚሸጡት አያ ናፓ ባሕር ዳር ሳምንት ሙሉ ተጋድሞ መመለስን ነው። ለመጋደም ብቻ ከሆነ ቆጵሮስ ድረስ ምን አደከመ?

ደሴቲቱ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ከሲሲሊና ከሰርዲኒያ ቀጥላ ሦስተኛ ናት። በአውራ ጎዳናው ከላርናካ ጳፎስ (የመጽሐፍ ቅዱሳችን ጳፉ) ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «አንድ ሆቴል ይዤ ሁሉንም ደርሼ እመለሳለሁ» ይላል፤ እቅዱም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መሀሉን የያዘው የትሮዶስ ተራራ 1,952 ሜትር ከፍ ይላል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ በካርታ ላይ አጠገብ የሚመስል መንደር ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ማደሪያን ሁለት ቦታ መክፈል ይበጃል፦ ለምሥራቁ ላርናካ ወይም ኒኮሲያ፣ ለተራራውና ለምዕራቡ ደግሞ ጳፎስ ወይም ከትሮዶስ መንደሮች አንዱ።

ባቡር አይታሰብም፤ እንግሊዞች የዘረጉት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1951 ተዘግቷል። ከተማ ከከተማ በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል፤ ተራራ ላይ ያሉትን መንደሮች ለማየት ግን መኪና መከራየት ግድ ይላል። የሚነዳው በግራ ነው፤ ይህም የእንግሊዝ ዘመን ቅርስ ነው። የኪራይ መኪና ታርጋው ቀይ ነው። እኛ አገር ቀይ ታርጋ ታክሲ ነው፣ እዚያ ግን «ይህ ሾፌር መንገዱን አያውቅም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ የአገሩ ሰው ቀዩን ሲያይ ዘወር ብሎ ያልፋል።

የቪዛው ነገር እንደያዙት ፓስፖርት ይለያያል። ከቴል አቪቭ ላርናካ በአየር ላይ አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፣ በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቆጵሮስ የጎረቤት ያህል ናት፤ የእስራኤል ፓስፖርት ለያዘም ቪዛ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። ቆጵሮስ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የሼንገን ቀጣና ውስጥ ሳትገባ ስለቆየች የሼንገን ቪዛ ሁሌም በቀጥታ አይሠራም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ለያዘ ሰው በራሷ ደንብ ስታስገባ ኖራለች። ደንብ ይለዋወጣልና ትኬት ከመቁረጥ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ነው።

ከቪዛው ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው የአገሪቱ መከፈል ነው። በሐምሌ 1974 በግሪክ የጦር መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ በቀናት ውስጥ የቱርክ ጦር በሰሜን በኩል ገባ። ከዚያ ወዲህ ደሴቲቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር እንደተከፈለች ናት። በመካከል ያለውን ቀጣና የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ይጠብቀዋል። ሰሜኑ በ1983 ራሱን የቻለ መንግሥት ነኝ ቢልም እውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት። ኬላዎቹ በ2003 ተከፍተዋል። በኒኮሲያ መሀል በሌድራ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ልብስ ቤቱንና አይስክሬም ቤቱን አልፎ ከአንዲት ጠባብ ኬላ ይደርሳል፤ ፓስፖርቱን ሁለት ጊዜ አሳይቶ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ የሱቆቹ ጽሑፍ ቱርክኛ፣ ገንዘቡም ከዩሮ ወደ ሊራ ተለውጦ ያገኘዋል።

ለመንገደኛ ከዚህ የሚከተለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቆጵሮስ ሪፐብሊክ በሰሜኑ በኤርጃን አውሮፕላን ማረፊያ መግባትን ሕገ ወጥ አድርጎ ስለሚቆጥር በላርናካ ወይም በጳፎስ ገብቶ በኬላ መሻገር ይሻላል። ሁለተኛ፣ በደቡብ የተከራዩት መኪና ኢንሹራንስ ሰሜን ላይ አይሠራም፤ ኬላው ላይ ሌላ ይገዛል። መኪናቸው እንዲሻገር ጨርሶ የማይፈቅዱ አከራዮችም ስላሉ ውል ከመፈረም በፊት ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ቢባል፣ ስልማና ያለችው ሰሜን ላይ ነው። ዛሬ ሳላሚስ የምትባለው ፍርስራሽ ከፋማጉስታ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ባሕሩ አፋፍ ላይ ትገኛለች። ጎብኚ የሚበዛው በሮማውያኑ ቴአትርና በመታጠቢያ ቤቱ ዙሪያ ነው። የእኛ ሰው ግን ዐምዶቹ ከግርጌያቸው ተቆርጠው ወደቀሩባት ሰፊ ባዚሊካ ቢያልፍ አይቆጭም፤ የቅዱስ ኤጲፋንዮስ ቤተ ክርስቲያን ናት። ኤጲፋንዮስ ዘቆጵሮስ ከ367 ጀምሮ የዚህች ከተማ ጳጳስ ነበር፤ በ403 ከቁስጥንጥንያ ሲመለስ ባሕር ላይ ዐረፈ። ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል፤ አክሲማሮስ የሚባለው የሥነ ፍጥረት መጽሐፍም ለእሱ ይሰጣል። በየዓመቱ ግንቦት 17 ስንክሳሩ ሲነበብ ስሙን የሚሰማ ምእመን፣ ሰውየው የቆመበትን ወለል በእግሩ ሊረግጠው ይችላል።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የበርናባስ ገዳም አለ። የቆጵሮስ ሰዎች እንደሚሉት፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሐዋርያው መቃብር ሲገኝ የማቴዎስ ወንጌል ደረቱ ላይ ነበረ። ሊቀ ጳጳሱ ወንጌሉን ለንጉሠ ነገሥት ዘይኑን አቀረበ፤ ንጉሡም የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ከአንጾኪያ ሥር ሳትሆን ራሷን እንድታስተዳድር አጸናላት፤ ሊቀ ጳጳሷም በቀይ ቀለም እንዲፈርም ፈቀደ። እስከ ዛሬም በቀይ ይፈርማል።

ፋማጉስታ ውስጥ የቅዱስ ኒቆላዎስ ካቴድራል በ1571 ከተማዪቱ በኦቶማኖች እጅ ስትወድቅ መስጊድ ሆነ፤ በጎቲክ ግንቡ ላይ ሚናራ ተተክሎበታል። አጠገቧ ያለችው ቫሮሻ በ1974 ነዋሪዎቿ ሸሽተው የተዘጋች የሆቴሎች ሰፈር ናት። ሰፈሯን ማየት ደስ አይልም፤ ግን ሳያዩ ደሴቲቱን አየሁ ማለት አይቻልም።

ላርናካ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትመቻለች። ከሞት የተነሣው አልዓዛር ወደዚህ መጥቶ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ ይላሉ፤ በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ከመሀል ከተማ ነው፣ መቃብሩም ከመቅደሱ ሥር ወርዶ ይታያል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የጨው ሐይቅ አለ፤ በዳርቻው በዘንባባ የተከበበው ሐላ ሱልጣን ተኬ፣ በነቢዩ ሙሐመድ ዘመድነት የምትታወቀው ኡሙ ሐራም ከበቅሎ ወድቃ የተቀበረችበት ነው። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ማለት ነው፣ ሐይቁ ላይ ፍላሚንጎ ይሰፍርበታል፤ በበጋ ውኃው ደርቆ ጨው ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ መቼ ይኬዳል? ሐምሌና ነሐሴን እኔ አልመክርም። ኒኮሲያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ የሆቴል ዋጋም እንደዚያው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ አለዚያም ጥቅምት ይሻላል። ለኦርቶዶክሳዊ ደግሞ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፤ የእነሱ ትንሣኤ የሚውለው ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ነው። ገናንና ጥምቀትን ቀድመውን ያከብራሉ፦ ገና ታኅሣሥ 16፣ ጥምቀት ታኅሣሥ 28 አካባቢ ላይ ያርፍባቸዋል፤ በጥምቀት ዕለት ጳጳሱ መስቀል ባሕር ላይ ሲወረውር ወጣቶች ዘለው ይሽቀዳደሙበታል። ፋሲካን ግን አብረን ነን። ሌሊቱን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እሳት ይነድዳል፣ የይሁዳ ምስል ይቃጠላል፤ ጠዋት አይብ፣ እንቁላልና ናና የተሞላ ፍላውና የሚባል ዳቦ ይቆረሳል። በጰራቅሊጦስ ማግስትም ላርናካ ባሕር ዳር ውኃ እየተራጩ የሚውሉበት በዓል አለ። ጾም የያዘ መንገደኛም አይራብም፤ በዐቢይ ጾም ምግብ ቤቶች የጾም ዝርዝር ያወጣሉ። ኦክቶፐስና ስኩዊድ በእነሱ ዘንድ ጾም ስለማይሽሩ ግን የጾም ነው ተብሎ የቀረበውን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አለመጉረስ ነው።

ወደ ትሮዶስ ሲወጡ፣ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩ 10 የሥዕል አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሁሉንም ላዳርስ ማለት ሥዕሉን እርስ በርሱ ማደባለቅ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አንድ ብቻ ቢባል የእኔ ምርጫ ከኒኪታሪ መንደር በላይ ያለችው አሲኑ ናት። ከውጭ ሲያዩዋት ቤተ ክርስቲያን አትመስልም፤ በረዶው እንዲንሸራተት ቁልቁል የወረደ የሸክላ ጣሪያ ያለባት ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት። ውስጥ ሲገቡ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ግድግዳ የለም። ከበሩ በላይ፣ በ1105/6 ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ የቤተ ክርስቲያኗን አምሳያ በሁለት እጁ ይዞ በእመቤታችን አማላጅነት ለክርስቶስ ሲያቀርብ ይታያል፤ በጎንደርና በጣና ገዳማት ሥዕል ያሠራውን ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ማየት ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። በደጀ ሰላሙ የፍርድ ቀን ሥዕል ላይ ምድር በአንበሳ፣ ባሕር በባሕር አውሬ የተቀመጡ ሴቶች ሆነው ሙታናቸውን ለማስረከብ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ሁሌ ክፍት አይደሉም፤ ቁልፉ በመንደሩ ቄስ ወይም ጠባቂ እጅ ስለሆነ ቡና ቤት ገብቶ መጠየቅ ነው። ቡናው ከነአተላው ይቀርባል፤ ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ልክን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

መንደር ላይ ያደረ ሰው ሐሉሚ ሲሠራ ማየት አለበት። የፍየልና የበግ ወተት ሞቅ ብሎ ይረጋል፣ ይቆራረጣል፣ ውኃው እስኪወጣ ይጫናል። እኛ አይብ አውጥተን የምንተወውን አጓት እነሱ መልሰው ይጥዱታል። መጀመሪያ ከላዩ አናሪ የሚባል ለስላሳ አይብ ይለቅማሉ፤ ቀጥለው የተጫነውን አይብ በዚያው አጓት ይቀቅሉታል። ሲወጣ ጨውና የደረቀ ናና ነስንሰውበት ትኩሱን ለሁለት ያጥፉታል። በመቀቀሉ የተነሣ ምጣድ ላይ ቢጥዱት ቡናማ ይሆናል እንጂ አይቀልጥም። ከ2021 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ለቆጵሮስ አይብ ብቻ አጥሮታል። ከተራራው ግርጌ ደግሞ ኮማንዳሪያ የሚባለውን ጣፋጭ ወይን የሚጠምቁ መንደሮች አሉ። ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከጠወለገ በኋላ ይጨመቃል፤ የቅዳሴን ወይን ከዘቢብ ለሚያዘጋጅ አገር ሰው ጣዕሙ ሩቅ አይሆንም።

ጳፎስ ላይ ወደቡ አጠገብ ያለውን የሞዛይክ ወለል ያገኘው በ1962 ሲያርስ የነበረ ገበሬ ነው፤ ዛሬ ጣሪያ ተሠርቶለት በእንጨት መተላለፊያ ላይ ሆኖ ይታያል። «የነገሥታት መቃብር» የሚባለው ሥፍራ አንድም ንጉሥ የለበትም፤ የመኳንንት ነው። ጳውሎስ ታስሮ ተገረፈበት የሚባለው የድንጋይ ዐምድም እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ልጆች የያዘ ሰው አካማስ ልሳነ ምድር ላይ ወዳለው የላራ ባሕር ዳርቻ ይለፍ፤ የባሕር ኤሊዎች በበጋ እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ነው፣ ጎጆዎቹም በብረት ፍርግርግ ይከለላሉ። መንገዱ ግን ፒስታ ስለሆነ ትንሽ መኪና ይፈትናል።

መመለሻውን ከጳፎስ አውሮፕላን ማረፊያ ማድረግ ከተቻለ እሰየው፤ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ላርናካ መመለስ ይቀራል። መኪና ላርናካ ተቀብሎ ጳፎስ ማስረከብ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ዋጋውን ከኪራዩ ጋር አብሮ መቁረጥ ነው። የጳፎስ በረራ ከክረምታቸው ይልቅ በበጋ ስለሚበዛ፣ በጥርና በየካቲት የሚሄድ ሰው ግን የላርናካን ጊዜ ሰሌዳ አስቀድሞ ይይ።